ለቀረጻ የቆየ መርዶ

«እንዳይነገራት አደራ። የምትሰማው ካሜራው መቅረጽ ከጀመረ በኋላ ነው» የሚለው ድምፅ ከውሃ ሮቶው ጀርባ ሲመጣ ዘመናይ ፊቷን በሳሙና ለቅልቃ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በመዳፏ የቧንቧውን እጀታ እየፈለገች ነበር። እጇ እዚያው ቀረ። ድምፁ የዳይሬክተሩ የድረስ ነው፤ ከአዲስ አበባ ከመጣ ዐሥራ አንድ ቀኑ፣ አንድ ቀን እንኳ ጮኾ ሲናገር ያልተሰማ፣ ሽማግሌ ሲያይ ኮፍያውን የሚያወልቅ ጨዋ ልጅ። «እሷማ ምን ታውቃለች» አለ ሌላው፣ ታላቅ ወንድሟ ደመላሽ። «ስድስት ወር ሙሉ ያላወቀችውን ዛሬ በምን ታውቀዋለች? አባ ገብረ ኪዳን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሁለት ሽማግሌ ጋር ገብተው ይነግሯታል። የፊልሙ መስሏት ትቀመጣለች።» «በጣም ጥሩ» አለ ድረስ ቀስ ብሎ፤ «አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምናነሣው። እንዲህ ያለው አይደገምም።» ሳሙናው ዘመናይ ዓይን ውስጥ ገብቶ አቃጠላት። ሁለቱ ሰዎች ተነጋግረው፣ ተሣሥቀው፣ ወደ ድንኳኑ እስኪሄዱ ድረስ ቧንቧውን አልከፈተችም።

ስድስት ወር የተደበቀው የውበቱ ሞት ነው። ውበቱ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ፣ ሃያ አራት ዓመቱ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ከተቀመጠ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ወርቅ ቁፋሮ ብሎ ወደ ቆላ ወረደ፤ ኅዳር ላይ ጉድጓዱ ተደረመሰበትና እዚያው ቀበሩት። ለዘመናይና ለደመላሽ በስልክ ተነገራቸው። መርዶ እንደ ወጉ ጎህ ሳይቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌና የነፍስ አባት ባሉበት የሚነገር ነገር ነውና «ትንሽ ይቆይ» ተባባሉ። መጀመሪያ የእናታቸው ደም ግፊት ከፍ ብሎ ነበር። ከዚያ ጥምቀት መጣ። ከዚያ ሁዳዴ ገባ፤ በጾም ሆዷ አትችለውም ተባለ። ከዚያ ፋሲካ ሆነ፤ በፋሲካ ማን መርዶ ይናገራል። ከዚያ የጉንደ ወይኑ አጎታቸው እርሻ ላይ ናቸው፣ እሳቸው ሳይኖሩ አይሆንም ተባለ። አርባውን «ሠርግ ተጠርተናል» ብለው ዲማ ድረስ ሄደው በስውር ፍትሐት አስደርሰው ተመለሱ፤ እናታቸው «ሠርጉ እንዴት ነበር?» ስትል ዘመናይ የሙሽራዋን ቀሚስ ሳይቀር አወራችላት። እንዲህ ያለ ነገር ሲጀመር ለእናት ማዘን ይመስላል። ስድስት ወር ሲሞላው ምን እንደሚመስል ግን ዘመናይ ራሷም ማየት አትፈልግም ነበር። እናቷ «ውበቱ ደወለ?» ባለች ቁጥር «እዚያ ኔትወርክ የለም እኮ፣ እምዬ» ትላለች፤ ሁለቱም ቴሌቪዥኑን ያያሉ።

ፊልሙንም ቢሆን ዘመናይ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ በፊት ታውቀዋለች። የምትሠራው ዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ ባለች የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ ከሦስት ሳምንት በፊት ደመላሽ ድርሰቱን አምጥቶ ዐሥር ኮፒ አስባዝቷታል። ማሽኑ ወረቀቱን እየተፋ፣ እሷ ከሥር ከሥሩ እያነሣች አነበበችው። ታሪኩ ስለ አንድ ሰው ነው፤ ታናሽ ወንድሙ በስደት መንገድ ላይ ሞቶበታል፣ እሱ ግን ሞቱን ከእናቱ ደብቆ በሟቹ ስም መልእክት እየፈጠረ ያታልላታል፣ እናቲቱ በመጨረሻ ገበያ ውስጥ ከማታውቀው ሰው ትሰማለች። ጨለማ ታሪክ ነው፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የሚሥቅ ሰው የለበትም። ዘመናይ ማሽኑ ላይ ተደግፋ አለቀሰች። ያን ወንድም ጠላችው፣ ረገመችው፣ ከዚያም የገዛ ቤቷ ትዝ ብሏት አፈረች፣ በዚህ ሳምንት ለእምዬ እነግራታለሁ ብላም ቆረጠች። ሳምንቱ አለፈ፤ ሌላ ሳምንት ተተካ፤ እነድረስም ዕቃቸውን ጭነው መጡ።

ቤታቸውን ለፊልሙ ያስመረጠው ደመላሽ ነው። ደመላሽ የቤትና የመኪና ደላላ ነው፤ ለእነድረስ ማደሪያ አገኘላቸው፣ መኪና አገኘላቸው፣ የእድሩን ድንኳን አስከራየላቸው፣ በመጨረሻም የገዛ እናቱን ሳሎን አገኘላቸው። ፊልሙ ሲያልቅ ስሙ «አስተባባሪ» ተብሎ እንደሚጻፍ የተነገረው ቀን ጥርሱ አልከደን ብሎ ነው የዋለው። ሳሎኑ ግን ለጨለማ ታሪክ አልሆነም፤ ከልክ በላይ ያምር ነበር። አምና ለፋሲካ የተቀባው ሮዝ ግድግዳ ላይ አመድ በውሃ በጥብጠው ለቀለቁበት። ሶፋው ተነሥቶ በረንዳ ላይ ላስቲክ ለበሰ፤ በምትኩ ከገጠር የተገዛ፣ ቅማል የሚራመድበት የሚመስል አጎዛና የተሰበረ አግዳሚ ገባ። ፍሪጁን ጓዳ ከተቱት። እናታቸው የብርጓል ያንን ቀለም ያስቀባችው ከእኩል አራሿ የደረሳትን ጤፍ ሸጣ ነው፤ ሲለቀልቁት በር ላይ ቆማ አየቻቸው፣ እንግዶች ናቸውና ምንም አላለችም።

ዘመናይ ፊቷን አድርቃ ወደ ሳሎን ስትገባ ሁለት የፊልሙ ሠራተኞች ሚስማር እየመቱ ነበር። እስከ ትናንት እዚያ ቦታ ላይ ተሰቅሎ የነበረው፣ ሟቹን ወንድም የሚጫወተው ተዋናይ ፎቶ ወርዷል። በቦታው የውበቱ የምረቃ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ጥቁር ካባውን ለብሶ፣ ያቺን ባለ ዘርፍ ቆብ ትንሽ አዘንብሎ፣ አንገቱ ላይ ሰው ሠራሽ አበባ አጥልቆ። አንደኛው ሠራተኛ ራቅ ብሎ አየና «በግራ ትንሽ ከፍ አድርገው፤ መብራቱ ፊቱን ይብላው» አለ።  ከሮቶው ጀርባ የሰማችው ነገር እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ወሬ ነበር፤ አሁን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

እናቷ መኝታ ክፍሏ ውስጥ አልጋዋ ላይ ሁለት ቀሚስ ዘርግታ ቆማለች። ጸጉሯን ታጥባ በቅቤ አስይዛዋለች፤ ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ ዛሬ ግን እንደ ልጅ ጉንጯ ቀልቷል። የፊልሙን እናት ሆና የመጣችው የአዲስ አበባ ተዋናይት ትናንት አራት ጊዜ አልቅሳ ድረስ አራቱንም አልወደደውም፤ ማታ መጥቶ የብርጓልን «እማማ፣ የእናት ፊት ያለዎት እርስዎ ነዎት፤ ነገ በሷ ቦታ አንድ ጊዜ ብቻ ይቀመጡልኝ» ብሎ ለመናት። የሰው ልመና እምቢ ማለት የማትችል ሴት ናት።

«ይኸ ይሻላል ወይስ ያ?» አለች ቀሚሶቹን እያሳየች። «አንች፣ ግን እንዴት አድርጌ ነው የማለቅሰው? ያልሞተ ሰው ይለቀሳል? ሟርት እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። ሌሊት ተነሥቼ እመቤቴን ነገርኋት፤ ለፊልም ነው፣ እንዳትቀየሚኝ፣ የልጆቼን ነገር አደራ ብያታለሁ።»   «ያ ይሻላል» አለች ዘመናይ፣ የትኛውን እንዳሳየቻት ሳታውቀው። «የውበቱን ፎቶ ሰቅለውልኛል፣ አየሽ? ሲደውል ንገሩት፤ እሱም ፊልም ላይ ሊወጣ ነው በሉት» አለች እናቷ፣ ቀሚሱን ወደ ደረቷ እያስጠጋች።

ደመላሽን ድንኳኑ ውስጥ አገኘችው። ወንበር እያስደረደረ ነበር፤ የእድሩ ወንበሮች፣ የእድሩ ድስቶች፣ ከጎን ደግሞ ሦስት ኬሻ ዳቦና የታሸገ ውሃ በካርቶን። ሁሉንም እንደሰማች ነገረችው። ያስተባብላል ብላ ነበር፤ ይደነግጣል፣ ይቆጣል ብላ ነበር። እሱ እጇን ይዞ ወደ ጥግ ወሰዳትና በረጋ ድምፅ፣ የቤት ዋጋ እንደሚያግባባ ሰው፣ አስረዳት። መርዶው መነገሩ አይቀርም። አጎታቸውም ለፊልሙ ብለው ትናንት ከጉንደ ወይን ገብተዋል። ድንኳኑ ቆሟል፣ ዳቦው ተጋግሯል፣ ሰው የሚቀመጥበት አለ። «በዛሬ ኑሮ ሰልስት ድረስ ሰው ማብላት ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ዘይቱን ታውቂዋለሽ፣ ጤፉን ታውቂዋለሽ። እነሱ ሁሉንም ችለውናል። ደግሞ ሐኪም ይዘዋል፤ ግፊቷ ቢነሣ መኪና በር ላይ ነው። አንችና እኔ ብንነግራት ይኸ ሁሉ አለ?» ዘመናይ ፊቱን ፊቱን አየችው። ይኸ ልጅ ውበቱን አዝሎ ያሳደገ፣ የመርዶው ስልክ የመጣ ቀን መንገድ ላይ የተዘረረ ሰው ነው። አሁን አንገቱ ላይ የፊልሙን ባጅ አንጠልጥሏል። «አንተን የመሰለ ሰው ድርሰቱ ውስጥ አለ እኮ» አለችው፤ «አንብበኸዋል?» «እኔ ጊዜ የለኝም» አለና ወንበሮቹን ለመቁጠር ዞረ።

የቀሯት የነፍስ አባታቸው አባ ገብረ ኪዳን ናቸው። ባጃጁ ለወትሮው በዐሥር ብር የሚያደርሰውን ሠላሳ ብር አላት፤ ቤንዚን የለም አለ፣ አልተከራከረችም። መንገድ ላይ ነገሩን በልቧ ደርድራ ጨረሰች፤ አባ ይቆጣሉ፣ መስቀላቸውን ይዘው ይነሣሉ፣ ደመላሽን ይገዝቱታል፣ ነገ ጎህ ሳይቀድ መጥተው እንደ ወጉ ለእናቷ ይነግራሉ። አባ ደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ተቀምጠው ከአንድ ዲያቆን ጋር ስለ ቆርቆሮ ዋጋ እየተነጋገሩ ነበር። መስቀል ተሳልማ ጎንበስ ብላ ነገረቻቸው። አባ ዲያቆኑን አሰናበቱት።

«ደመላሽ ይቀረጻል ብሎኛል፣ እውነት ነው» አሉ። «ዘንድሮ ያልተቀረጸ ምን አለ፣ ልጄ? ክርስትናው ይቀረጻል፣ ቀብሩ ይቀረጻል፣ ተስካሩ ይቀረጻል፤ ባሕር ማዶ ላለ ዘመድ ይላካል። እንደዚያ መስሎኝ ነው።»

«አባ፣ ይኸ ለዘመድ አይደለም። ፊልም ነው። ሰው ከፍሎ ገብቶ ያየዋል። እሷ አታውቅም፤ ሲነግሯት የሚናገሩት የፊልሙን ቃል ይመስላታል።»

አባ በጥላቸው ጫፍ መሬቱን ጫሩ። ነገሩ እንደከበዳቸው ፊታቸው ላይ ይታያል፤ ግን ቃል ሰጥተዋል፣ ደመላሽ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥራ ብዙ ሮጦላቸዋል። «ስድስት ወር ስመላለስባችሁ ነበር» አሉ በመጨረሻ፤ «እንንገራት፣ ነፍሱም ትጠይቃችኋለች ብዬ ስለምናችሁ ዛሬ ነገ ያልሽኝ አንች ነሽ። ወንድምሽ ቢያንስ ቀን ቆረጠ። አሁን በኔ ላይ ትመጫለሽ?»  እውነታቸውን ነው። ከደጀ ሰላሙ ወጥታ ወደ ቤት በእግሯ ስትመለስ ደመላሽ አስጠላት፣ አባ አስጠሏት፣ ከሁሉም በላይ ግን ያ የሙሽራ ቀሚስ አስጠላት፤ ነጭ ነው፣ እጅጌው ዳንቴል ነው እያለች ያወራችው፣ እናቷ እየሠቀች የሰማችው።

ግቢ ስትደርስ ምሳ እየተበላ ነበር። ድረስ ሰሐኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ድንኳኑ በር ላይ ተቀምጧል። እንዳያት ነገሩን እንዳወቀች ገባው፤ ሰሐኑን አስቀምጦ ተነሣላት። «እኔንም ከብዶኛል፣ እህቴ» አለ ሳትጠይቀው። «ማታ አልተኛሁም። ግን አስቢው፤ ፊልማችን ጨለማ ነው ይሉናል፣ ማን ያየዋል ይሉናል። ጨለማው ዘመኑ ነው። ልጆች ይሄዳሉ፣ አይመለሱም፣ እናቶች አያውቁም። ይኼን በውሸት እንባ ላሳየው? ከሃምሳ ዓመት በኋላ እኛ እንዴት እንደኖርን ማወቅ የሚፈልግ ሰው የእናትሽን ፊት ያያል። እሷ ለብቻዋ አይደለም የምታለቅሰው፤ ለሁሉም እናት ነው።» ሲናገር ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እንባው የምር ነበር። ዘመናይን ከደመላሽ ሒሳብ ይልቅ ይኸ እንባ አንገሸገሻት፤ ደመላሽ ቢያንስ ራሱን ሲያሞግስ አላለቀሰም።

ልጅ ሳለች መናኸሪያው አጠገብ ቪዲዮ ቤት ነበር፤ ረጅም አግዳሚ ላይ ተጣበው ነው የሚያዩት። የዚያን ጊዜ ፊልሞችን ታሪክ ረስታዋለች። የቀራት ሌላ ሌላው ነው፤ ገመድ ያለው ስልክ፣ ትከሻው የሰፋ ኮት፣ ደብዳቤ ይዞ በእግሩ የሚመጣ ሰው። ያንን ማንም ላሳይ ብሎ አላስገባውም፤ ዘመኑ ራሱ ሳይጠራ ነው የገባው። የድረስም ፊልም እንዲሁ ነው የሚሆነው አለች በልቧ። ድርሰቱ ክፉውን ወንድም ይረግማል፣ ሕዝቡም ሲኒማ ቤት ተቀምጦ ይረግመዋል፣ ክፉው ወንድም ግን ከካሜራው ጀርባ ባጅ አንጠልጥሎ ወንበር ይደረድራል፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ይኸን ማን ያይለታል? ደህና አድርጎ የሚያይ ሰው ከተገኘ ያያል፤ አንዲት አሮጊት ፊት ላይ፣ ቃሉ ፊልም መሆኑ ቀርቶ የገዛ ልጇ ስም የሆነበትን ቅጽበት ያያል፣ ካሜራውን የያዘው ሰው እጁ እንዳልተንቀጠቀጠም ያውቃል። «ምሳ ብዪ እንጂ» አለ ድረስ። ዘመናይ ሰሐኑን አልፋ ወደ ቤት ገባች።

ስምንት ሰዓት ሆኗል። የመኝታ ክፍሉን በር ከውስጥ ቆለፈችው። እናቷ ለብሳ ጨርሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ፊቷን አንዲት ልጅ ዱቄት ቀብታት ሄዳለች፣ በሐዘን የጠቆረች እንድትመስል። «ጠሩኝ እንዴ?» አለች። ዘመናይ እግሯ ሥር ተንበረከከች። ለዚህ ነገር ሽማግሌዎች የሚናገሩት ቃል አለ፤ ከሩቅ ይጀምራሉ፣ ስለ ዓለም ከንቱነት ያወራሉ፣ ሰሚው ራሱ እስኪደርስበት ይጠብቁታል። ዘመናይ ቃሉን አታውቀውም። «እምዬ፣ ውበቱ የለም» አለች። «ኅዳር ላይ ነው የሞተው። ጉድጓድ ተደርምሶበት። እዚያው ነው የተቀበረው። እኛ ደበቅንሽ።»

እናቷ አልጮኸችም። ዓይኗ ዘመናይ ላይ ነበር፣ ግን እያያት አልነበረም። «ኅዳር» አለች። ጣቶቿን ማጠፍ ጀመረች፤ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፤ ጥር ላይ ቆመች። «ሠርጉስ?» አለች። «ሠርግ አልነበረም። አርባው ነበር።» እናቷ አንገቷን ነቀነቀች፤ ቀስ ብላ፣ ዋጋ እንደተነገራት ሰው። «ለፋሲካ ዶሮ በልቻለሁ» አለች። «ልጄ አፈር ውስጥ ሁኖ ዶሮ በልቻለሁ። ማንም አልከለከለኝም። ትናንት ሥቄአለሁ። ዛሬ ደግሞ ጸጉሬን ተቀብቼ ተቀመጥሁ። ምን አድርጌሽ ነው፣ ዘመናይ? እስቲ ንገሪኝ፣ ምን አድርጌያችሁ ነው?» ከዚያ ሻሿን ከራሷ ላይ ነቀለችው። ዱቄቱን ከፊቷ በሁለት እጇ እየፋቀች ከአልጋው ወረደች፣ መሬቱ ላይ ተዘርግታ ግንባሯን ሲሚንቶው ላይ አደረገች፣ ያን ጊዜ ነው ድምፁ የወጣው። ዘመናይ ብዙ ለቅሶ ደርሳለች፤ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምታ አታውቅም።

በሩ ተደበደበ። «ክፈች! ምን አድርገሽ ነው?» ይላል ደመላሽ። ከዚያ የሩጫ ኮቴ፣ ገመድ ሲጎተት፣ ሰው «ቶሎ፣ ቶሎ» ሲል። ዘመናይ ቀና ስትል መስኮቱ ክፍት ነበር፤ በመስኮቱ በኩል ጸጉራም ሽፋን ያለበት የድምፅ መቅጃ በረጅም ዘንግ ገብቶ ከእናቷ ራስ በላይ ተንጠልጥሏል፣ ካሜራውም ከኋላው ቆሟል። ድረስ ከሰዎቹ መካከል ነው፤ ኮፍያውን አውልቋል። ዘመናይ ዘንጉን በእጇ መትታ ወደ ውጭ ወረወረችውና መስኮቱን ዘጋች። መጋረጃ አልነበረውም፤ ለሳሎኑ ብለው ወስደውታል። በመስታወቱ በኩል ድረስ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ጠየቃት። የካሜራው ቀይ መብራት ግን በርቶ ነበር።

ዘመናይ እናቷን አቅፋ ጎረቤቱን ጠበቀች። በዚህ ሰፈር ጩኸት ከተሰማ ሰው ያልበሰለ ወጡን እሳት ላይ ትቶ ነው የሚመጣው፤ አምና ከታች ያሉት አዛውንት ሲሞቱ ግቢው የሞላው ሰው ውሃ ቀድቶ በማይመለስበት ጊዜ ውስጥ ነው። ዛሬ ማንም አልመጣም። እናቷ ትጮኻለች፣ ያባቷን ስም ጠርታ፣ የልጇን ስም ጠርታ ትጮኻለች፣ ከአጥሩ ባሻገር ዝም ነው። አምስት ደቂቃ፣ ዐሥር ደቂቃ። እናቷ በመካከል ቀና ብላ «ሰውስ?» አለች፤ «ሰው የለም?» ዘመናይ ተነሥታ በሩን ከፈተች፣ ደመላሽን ገፍትራ አለፈች፣ በባዶ እግሯ እስከ ጎረቤታቸው እትዬ አሰገደች ግቢ ሮጠች። እትዬ አሰገደች ከሌሎች ሦስት ሴቶች ጋር አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። እያዳመጡ ነበር።

«ምነው እትዬ፣ ምነው አትመጡም?»

«እንዴት እንምጣ ልጄ» አሉ እትዬ አሰገደች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጠዋት የፊልሙ ሰዎች ከደመላሽ ጋር እየዞሩ፣ ከነ የብርጓል ቤት ለቅሶ ብትሰሙ የፊልም ነው፣ እንዳትገቡ፣ ሥራ ታበላሻላችሁ ብለውናል እኮ። ዝም ብለን እየሰማናት ነው። አቤት፣ እንዴት ነው የምታለቅሰው! ያችን የአዲስ አበባዋን እኮ አስናቀቻት።»

ዘመናይ ማልቀስ አቃታት። የሴትየዋን ነጠላ ይዛ «ውበቱ ሞቷል» አለች። «እውነት ነው። ከኅዳር ጀምሮ ሞቷል። አሁን ነው የነገርኋት። በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ይምጡ።» እትዬ አሰገደች ሌሎቹን ሴቶች አዩ፣ ሴቶቹም እሳቸውን አዩ። አንደኛዋ «ይኸም ይሆን?» አለች። ዘመናይ ተንበርክካ እግራቸውን ያዘች። ያን ጊዜ እትዬ አሰገደች ጮኹ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ ወደ ግቢው ገቡ፤ ሌሎቹም ተከተሉ፤ የእነሱን ጩኸት የሰማ ከየግቢው ወጣ። ዳቦ የተከመረበት ድንኳን ሞላ። አባ ገብረ ኪዳን ዘጠኝ ሰዓት ብለው ሲመጡ ያዩትን አይተው በር ላይ ቆሙ። ደመላሽ ባጁን ሳያወልቅ የድንኳኑን ምሰሶ አቅፎ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቅ ነበር፤ ዘመናይ አልፋው ስትገባ ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ፣ እሷም ከሽንት ቤት ጨርቅ እንደሚሸሽ ሰው ሸሸችው። ለቅሶው የእውነት እንደሆነ ታውቃለች። መጸየፏን ግን ማቆም አልቻለችም።

መኝታ ክፍሉ በሴት ተጨናንቋል። እናቷን ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፈው አስቀምጠዋታል፤ ድምፅዋ ተዘግቶ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። እትዬ አሰገደች ከጎኗ ናቸው፤ የውበቱን ነገር አንድ በአንድ እያነሡ አልቅሰው አስለቅሰው፣ ሲደክማቸው አረፍ አሉ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ወደ ዘመናይ ጆሮ ጠጋ አሉ።

«አንች፣ ግን እየቀረጹን ነው አይደል?» አሉ በሹክሹክታ፤ «በየት በኩል ነው የሚያነሡን? ሻሼም ተበላሽቷል።»

 የመለሰችው እናቷ ናት፤ ቀና ሳትል፣ በዚያ በተዘጋ ድምፅዋ።

«በመስኮቱ በኩል ነው፣ አሰገደች። አንች እዚያ ዙረሽ ተቀመጭና ያንሡሽ። እኔን ከልይኝና ልጄን ላልቅስ።»